ስክሪን ላይ ያማረው የእንቁጣጣሽ ካርድ ወረቀት ላይ ሲበላሽ

ነሐሴ ሲጋመስ የእኛ ቤት ጠረጴዛ በወረቀት ቁርጥራጭ ይሞላል። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ለዘመድ የሚላከውን የእንቁጣጣሽና የገና ካርድ የምሠራው ራሴ ነኝ፣ ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም። ጊምፕ ነጻ ነው። አንዴ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ካርዱ ሲበላሽ ብዙዎቻችን ፕሪንተሩን እንወቅሳለን። እኔ ካየሁት ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት የተሠራ ነው።

ፎቶው ስልክ ላይ ጥርት ያለ ነበር፣ ሲታተም ደበዘዘ

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። አንድ ዓመት የአጎቴ ልጅ ከጮቄ ሥር፣ አደይ አበባ የማሳውን ዳር ዳር ይዞ የወጣበትን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ስልኬ ላይ እያንዳንዱ አበባ ይቆጠር ነበር። ግማሽ ኤ4 ላይ ሳትመው ግን አንዱ ከአንዱ ሳይለይ ቢጫ ጭቃ መሰለ። ሠላሳ ካርድ አሳትሜ ነበር፤ አንዱንም ለሰው ለመስጠት ልቤ አልፈቀደም።

ምክንያቱ ቴሌግራም ነው። ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ለጥሩ ኅትመት በየ2.54 ሴንቲ ሜትሩ 300 ፒክስል ያስፈልጋል። 1280ን በዚህ ብናሰላው 10.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የካርዱ ቁመት ደግሞ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ፎቶው ወደ እጥፍ ተለጥጧል ማለት ነው። በ«ስኬል ኢሜጅ» ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ፒክስል ይጨምራል እንጂ የጠፋውን የአበባ ቅጠል አይመልስም።

መፍትሔው ላኪውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» ማለት ነው፤ ወይም ከስልኩ በኬብል መገልበጥ። ከዚያ ጊምፕ ላይ አዲስ ሲከፈት ወርዱን 297፣ ቁመቱን 210 ሚሊ ሜትር ማድረግ፣ ሪዞሉሽኑንም (በየ2.54 ሴንቲ ሜትሩ ያለውን የፒክስል ብዛት) 300 ብሎ መሙላት። ሸራው 3508 በ2480 ፒክስል ይሆናል። ፎቶውን በ«ኦፕን አዝ ሌየርስ» ስታስገቡት ሳይለጠጥ የካርዱን ፊት ከሞላ በቂ ነው። ዋናው ፎቶ ከጠፋስ? በእጃችሁ ያለውን አሳንሱት። እኔ ያንን የአደይ ፎቶ በ10 ሴንቲ ሜትር አስቀርቼ ዙሪያውን በእናቴ ቀሚስ የጥበብ ጥለት ፎቶ ከበብኩት። ከመጀመሪያው ሐሳቤ ይልቅ እሱ አማረ።

ፎንት ብቀያይርም የአማርኛው ፊደል አይለወጥም

የመረጣችሁት ፎንት የላቲን ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ጊምፕ ፊደሉን ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለ ሌላ ፎንት ይበደራል፤ ምንም ካላገኘ ሳጥን ሳጥን ይደረድራል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ፤ ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ከጫናችሁ በኋላ ጊምፕን ዘግታችሁ ክፈቱት። ከድሮ ጽሑፍ ገልብጣችሁ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ከመጣ ደግሞ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ከሚያነቡበት ሥርዓት) በፊት በነበረ ፎንት ነው። እንደገና መተየብ ይቀላል።

ፊቶች ጠቆሩ፣ ሣሩም ደበዘዘ

ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት አያበራም። በተለይ ጥላ ውስጥ የተነሳ የጠይም ሰው ፊት ሲታተም ዓይኑና ቅንድቡ ይዋጣል። «ከለርስ» ውስጥ «ከርቭስ» ከፍታችሁ የመስመሩን መሐል ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት፤ ስክሪኑ ላይ ትንሽ የነጣ እስኪመስላችሁ ድረስ። የመስከረም ሣር አረንጓዴነት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ፕሪንተር ያንን አረንጓዴ ከሰማያዊና ከቢጫ ቀላቅሎ ነው የሚያወጣው። የአደይ ቢጫ ግን ይጸናል፤ ቢጫ ራሱ ከፕሪንተሩ አራት ቀለሞች አንዱ ነውና። ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት በምትጠቀሙበት ወረቀት አንድ ብቻ አሳትማችሁ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን እዩት።

የውስጡ ጽሑፍ ተገልብጦ ታተመ

በሁለቱም ገጽ ሲታተም ፕሪንተሩ ወረቀቱን በረጅሙ ጎን ገልብጦታል። በአግድም ተይዞ መሐሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ለሚታጠፍ ኤ4 «ሾርት ኤጅ» (በአጭሩ ጎን) የሚለው ነው የሚመረጠው። በእጅ የምትገለብጡ ከሆነ ባዶ ወረቀት ላይ በእርሳስ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ሥላችሁ ሞክሩ። የውጭው ገጽ ላይ የካርዱ ፊት በቀኝ በኩል፣ ጀርባው በግራ በኩል ይቀመጣል፤ ይህን የሚያገላብጥ ብዙ ነው።

ዳሩ ከተቆረጠ፣ ፕሪንተሩ እስከ ጫፍ ስለማያትም ነው። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ነጭ ተዉለት።

ወፍራም ወረቀት ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶና ማስመሪያ ያዙ። በውስጥ በኩል ልክ መሐሉ ላይ፣ 14.85 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ጫን ብላችሁ አንድ ጊዜ አስምሩ። ወረቀቱ ሳይቀደድ ቦይ ያበጃል። ከዚያ በጣታችሁ ጀርባ እያሻችሁ እጠፉት፤ መስመሩ ቀጥ ይላል።

ፕሪንት ቤት ፋይሉ አልከፈትም አለ

«ሴቭ» ያስቀመጠው የጊምፕን የራሱን ኤክስሲኤፍ ነው። «ኤክስፖርት አዝ» ብላችሁ በፒዲኤፍ ወይም በፒኤንጂ አውጡ፤ ኤክስሲኤፉን ግን አትሰርዙት፣ ለማረም ያስፈልጋል። መብራት ስለሚጠፋም በየመሐሉ ሴቭ አድርጉ።

ካርዱ አማረ፣ ዘመኑ ግን ስህተት ነው

ይህ የሚመጣው የአምናውን ፋይል ከፍተን ቁጥሩን ብቻ ስንቀይር ነው። አያቴ መጀመሪያ የምታስነብበው «ከዘመነ… ወደ ዘመነ…» የሚለውን ስለሆነ ይህን ስህተት ከሁሉም አብልጬ እፈራዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ለ2019 ድምሩ 7519፣ ቀሪው 3 ስለሆነ «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ» ተብሎ ይጻፋል። በገና ካርድ ላይ ቀን የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ በዘመነ ዮሐንስ፣ ለምሳሌ በ2020፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል እንጂ 29 አይደለም። ጳጉሜን በሉቃስ ማብቂያ 6 ስለምትሆን ነው።