ብዙ የዚፕ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ለመፍታት
ስካን የተደረጉ የመሥሪያ ቤታችን ሰነዶች በየወሩ በዚፕ ተጠቅልለው ስለተከማቹ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው መፍቻም አንድ በአንድ ካልሆነ ስለማይፈታ፣ በነጻ የሚገኘውን ሰቨን ዚፕ ጫንኩ። ፋይሎቹን በሙሉ በኮንትሮል እና ኤ መርጬ፣ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኜ፣ ከሰቨን ዚፕ ዝርዝር ውስጥ የኮከብ ምልክት ያለበትን «ኤክስትራክት ቱ» የሚለውን ትእዛዝ ስሰጠው ችግሩ ተፈታ፤ ኮከቡ እያንዳንዱ ዚፕ በራሱ ስም በሚፈጠር ፎልደር ውስጥ እንዲፈታ ያደርጋል። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም «ኤክስትራክት ሂር» የሚለው ሁሉንም በአንድ ቦታ ስለሚዘረግፍ፣ በየጥቅሉ «ገጽ 1» የሚባል ፋይል ካለ ልተካው ወይ እያለ ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ከተፈቀደለትም የቀደመው ሰነድ ይጠፋል። በዊንዶውስ 11 ላይ ዝርዝሩ ካልታየ በቅድሚያ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል።