ትዳር ላይ ሆናችሁ ቤት በግላችሁ ስትገዙ

ካርታው ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነበር። የከፈልኩትም ከአባቴ በወረስኩት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየሙ የግሌ ነው ብዬ ለዓመታት ተቀመጥኩ። እናቴ ታማ በአስቸኳይ ልሸጠው ስነሳ ግን የባለቤቴን ስምምነት ተጠየቅኩ። እሱ ደግሞ ዱባይ ነበር። ውክልናው በቆንስላ አልፎ እስኪደርስ ገዢዬ ሌላ ቤት ገዛ።

ሕጉን አንብቤ የማውቅ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 63 ግልጽ ያደርገዋል። በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ የክልላችሁን ተመልከቱ።

1. የገንዘቡን ምንጭ ለዩ። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኛችሁት የግል ነው። ደመወዝ ግን ለብቻ በከፈታችሁት ሒሳብ ብታስቀምጡትም የጋራ ነው። የግል ቤታችሁ ኪራይ እንኳ የጋራ ገቢ ነው። ይሄኛው እኔን በጣም ነው ያስደነገጠኝ።

2. ገንዘቡን አታደባልቁ። እኔ ውርሱን የአስቤዛ ወጪ በሚወጣበት፣ ደመወዛችን በሚገባበት ሒሳብ ከተትኩት። በኋላ የትኛው ብር የማን እንደሆነ ለመለየት የባንክ መግለጫ ይዤ ስንት ቀን ተንከራተትኩ። አዲስ ሒሳብ ክፈቱ፤ ውርሱ ብቻ ይግባበት፤ ለሻጩም ከዚያው ሒሳብ በሲፒኦ (ባንኩ በሻጩ ስም በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ክፈሉ። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ነገር ዱካ የለውም። የወራሽነት ማስረጃችሁንና የሲፒኦውን ቅጂ አንድ ላይ አኑሩ።

3. የሻጩንም ትዳር አጣሩ። ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ሳትስማማ የተሸጠን የጋራ ቤት ሚስት ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ልታስፈርስ ትችላለች።

4. ፍርድ ቤት ሂዱ። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይሄን ነው። በግል ገንዘብ የተገዛ ቤት በራሱ የግል አይሆንም። በአንቀጽ 58 መሠረት ከተጋቢዎቹ አንዱ ጠይቆ ፍርድ ቤቱ የግል ነው ብሎ መወሰን አለበት።

እኔ በዚህ ፈንታ ባለቤቴን ወረቀት ላይ አስፈርሜው ነበር። ሽማግሌዎችም በምስክርነት ፈርመውበታል። ዋጋ አልነበረውም። ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

ስለዚህ ቤቱን እንደገዛችሁ፣ ፍቅራችሁም ሰላም እያለ፣ ማመልከቻችሁን አስገቡ። ለባላችሁ ወይም ለሚስታችሁ አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩ። ቀርበው «አዎ፣ የውርስ ገንዘቧ ነው» ቢሉ ነገሩ ይቀላል። ማመልከቻውን ጠበቃ ቢጽፈው ይሻላል። ብሩ ያስቆጫል፣ ግን እኔ ካጣሁት ገዢ ጋር አይወዳደርም።

ደላላ «በወንድምሽ ስም ይሁን፣ ምን ያስጨንቅሻል» ይላል። እባካችሁ አትስሙት። ያን ጊዜ ቤቱ በወረቀት የወንድማችሁ ነው። እሱም ትዳር አለው።

5. የውሳኔውን ግልባጭ ካርታው ያለበት ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ እንዲያያዝላችሁ ጠይቁ። ንብረቱ የግል መሆኑን በማያውቅና ማወቅ ነበረበት በማይባል ሦስተኛ ወገን ላይ «የግሌ ነው» ብላችሁ መከራከር አትችሉም። ለባላችሁ ያበደረ ሰው ቤቱን ልያዝ ብሎ ቢመጣ፣ የምታሳዩት ያንን ወረቀት ነው።