አሮጌ ካራቫን በራስ እጅ እንዴት ይታደሳል፦ ለሰሜን ሸዋ ዝናብና ውርጭ

የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ ካራቫኖቹ (በመኪና የሚጎተቱት ማደሪያ ቤቶች) ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራሉ። አንዳንዱ በጨረታ ይሸጣል። አንዳንዱ አጥር ጥግ ተጥሎ ጎማው ይተነፍሳል፣ ዶሮ ይገባበታል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድ ዓይኑን ለጣለ ሰው አይጠፉም።

ይሄ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ገዝቶ በራሱ እጅ ማደስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ለሻይ ቡና ቤት አሰባችሁት፣ ጓሳ ወጥታችሁ ለማደር አሰባችሁት፣ ግቢ ውስጥ የእንግዳ ማደሪያ ይሁን አላችሁ፣ ሥራው ያው ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ቀለሙና ስለ መጋረጃው ነው። እሱ ይደርሳል። ካራቫን የሚገድለው ውሃ ስለሆነ የሥራው ቅደም ተከተል በሙሉ በውሃ ይወሰናል፤ መጀመሪያ ውሃው ይቆማል፣ ከዚያ ነው ማሳመር።

ከመግዛታችሁ በፊት

ካቻቪቴ፣ መዶሻና ባትሪ መብራት ይዛችሁ ሂዱ። በሩ ሥር፣ አራቱም ማዕዘን ላይ፣ ከመስኮቶቹ በታች ወለሉንና ግድግዳውን በካቻቪቴው ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ሳይታገል ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ግድግዳውን በመዳፋችሁ ተጫኑት፤ ያበጠ ወይም የሚረግብ ቦታ ካለ ከኋላው ውሃ ገብቷል ማለት ነው። የሻገተ ሽታም ይናገራል። ሻጩ በሩንና መስኮቱን ከማለዳ ጀምሮ ከፍቶ ከጠበቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠርጥሩ።

ከዚያ ከሥሩ ግቡ። ዝገት ሁለት ዓይነት ነው። ላይ ላዩን የቀላው በሽቦ ብሩሽ ይለቃል፣ አያስጨንቅም። በሽፋን በሽፋን የሚላላጠው ግን ብረቱን በልቶታል። ሻንሲውን (ቤቱን ከሥር የተሸከመውን የብረት አጽም) በመዶሻ እየመታችሁ ስሙት፤ ደህና ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። ባለስትራው (ከጎማው በላይ ያለው የተደራረበ ብረት ሞላ) ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ጋንቾው (ካራቫኑ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት) የተበየደበትን ቦታ በተለይ እዩት፣ የመጎተቱ ኃይል ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ወረቀቱን አትርሱ። ተሳቢ የራሱ ሊብሬና ታርጋ አለው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ሊብሬው ላይ ያለው ካልገጠሙ፣ ወይም ጭራሹኑ ሊብሬ ከሌለው፣ ዕቃው ግቢ ውስጥ ተተክሎ የሚቀር ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን።

በኔ አስተያየት የምትገዙት ሻንሲውን ነው። እሱ ደህና ከሆነ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ወለሉ ቢበሰብስ፣ ውስጡ የአይጥ ሰፈር ቢሆን ይሠራል። ሻንሲው ከሞተ ግን ውስጡ ምንም ያህል ቢያምር እለፉት።

ማፍረስ

አንድም ቡሎን ሳትፈቱ ሁሉን ነገር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን የምታነሱትን ቁራጭ በማርከር ቁጥር ስጡት። የበሰበሰውን ኮምፔንሳቶ ቶሎ አትጣሉ፤ ለአዲሱ መቁረጫ ልክ የሚሆናችሁ እሱ ነው። የካራቫን ግድግዳ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለማያውቅ በሜትር ብቻ ለክቼ እቆርጣለሁ ማለት እንጨት ማባከን ነው።

የአይጥ ኩስ ካለ በደረቁ አትጥረጉ። በረኪና በገባበት ውሃ አርሱት፣ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ አውጡት። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል እሱንም በውሃ ብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ ፈግፍጉ እንጂ አታቡንኑት፣ ልጆችም አይጠጉ።

የውስጡ ግድግዳ ሲነሳ የውሃውን መንገድ ታዩታላችሁ። ጥቁር መስመር ሠርቶ ይወርዳል። ያንን መስመር ወደ ላይ ተከተሉት፣ ምክንያቱም ውሃ የሚገባበትና የሚታይበት ቦታ አንድ አይደለም፤ ጣሪያው ፊት ለፊት ላይ ገብቶ እንጨቱን ተከትሎ ኋላ ወለል ላይ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ። ብዙዎቹ የእንጨት ወይም የቱቦላሬ አጽም ላይ ስስ ላሜራ የለበሱ ናቸው። ኤርስትሪም የተባለው የአሜሪካኖቹ ካራቫን ግን ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሉሚኒየም ቆዳው ራሱ በሪቬት ተያይዞ ጭነቱን ይሸከማል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ ላሜራ አትንቀሉ። የትኛውም ቢሆን ግድግዳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትግፈፉት፤ በሞራሌ ደግፋችሁ በየጎኑ ሥሩ፣ አለበለዚያ ቤቱ ይጣመምና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም።

ሻንሲ፣ ኩሽኔታና ጎማ

በክሪክ አንስታችሁ ክሪኩን አምናችሁ ከሥሩ እንዳትተኙ። ጠንካራ የብረት ወይም የግንድ መደገፊያ ይግባበት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር አውርዱ፣ የተበላውን ቆርጣችሁ በአዲስ ብረት አስበይዱ። ብየዳ ካልለመዳችሁ ይቺን ክፍል ለበያጅ ተዉለት፣ በተለይ ጋንቾው አካባቢ። ብረቱ ዚንክ የተቀባ ከሆነ የሚበየድበት ቦታ ላይ ዚንኩ ይፈግፈግ፣ ሥራውም ደጅ ይሁን፤ ጭሱ ይመርዛል። ከዚያ አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ላዩ ላይ ቀለም።

ኩሽኔታዎቹን (ጎማው የሚሽከረከርባቸውን) አውጥታችሁ በናፍታ እጠቡ። የተቦረቦረ፣ ወይም በሙቀት ሰማያዊ የመታ ካለ ይቀየር። ደህናው ግራሶ በየጥርሱ መሃል እስኪወጣ ይሞላ። ደብረ ብርሃን ያጣችሁትን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጉ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ በቃል አታስረዱ። ማጠፊያ፣ እጀታ፣ የመስኮት ፍሬም የመሳሰለው ደግሞ ምናለሽ ተራ አይጠፋም።

ጎማ ላይ ጥርሱን አይታችሁ አትሸወዱ። የቆመ ተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈውን፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀውን አታመቻምቹ።

ውሃውን ማቆም

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የደብረ ብርሃን ክረምት ዝናቡን ብቻ አይደለም የሚያወርደው፣ በረዶም አለው፣ ነፋሱ ደግሞ ውሃውን ወደ ጎን ይነዳዋል። ከላይ የማያፈስ ጣሪያ በጎን ሊያፈስ ይችላል።

ስንጥቁ ላይ አዲስ ሲሊከን ጨምሮ መሄድ የተለመደ ነው፣ ከንቱ ነው። ሲሊከን አሮጌ ሲሊከን ላይ አይዝም። ቀለምም አይቀበልም። አሮጌውን በሙሉ በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱ፣ ቦታውን በአልኮል ወልውሉ፣ በደንብ ይድረቅ። ለጣሪያ መጋጠሚያ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይሻላል፤ አጥብቆ ይይዛል፣ ላሜራው በቀን ሙቀት ሲለጠጥና ሌሊት ሲኮማተር አብሮ ይሄዳል፣ ይቀባል። እዚህ አገር ቀን ፀሐይ እየጠበሰው ሌሊት ውርጭ ስለሚመታው ይሄ መለጠጥ ቀላል ነገር አይደለም።

መስኮቶቹን ከላይ ከላይ አትለስኗቸው። ከነፍሬማቸው አውጡ፣ የደረቀውን ላስቲክ ቀይሩ፣ ከፍሬሙ ኋላ ማሸጊያ አድርጋችሁ መልሱ። የጣሪያ መብራት፣ የአየር ማስወጫ፣ የአንቴና ቀዳዳ፣ ሁሉም እንዲሁ። የማያስፈልገውን ቀዳዳ ዝጉት።

አሉሚኒየም ላይ ተራ የብረት ብሎን አትሰሩ። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ዙሪያውን እየተበላ ቀዳዳው ይሰፋል። አሉሚኒየም ሪቬት ወይም የማይዝግ ብሎን ተጠቀሙ።

ከዚያ ፈትኑት። አንድ ሰው መብራት ይዞ ውስጥ ይግባ፣ ሌላው በጎማ ውሃ ይርጭ፣ ግን ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ በአንዴ ስለሚያዳርስ የቱ ጋ እንደገባ አታውቁም። ነጠብጣብ ባየ ቁጥር የውስጡ ሰው ይጩህ፣ ምልክት ይደረግ። ውስጡ ተከፍቶ እንዳለ አንድ ሁለት የምር ዝናብ ቢያልፍበት ደግሞ የበለጠ ነው። መቸኮል ያለበት ሰው እዚህ ላይ አይቸኩል።

ወለል፣ ግድግዳና ሙቀት

ለወለል 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይበቃል፤ ውሃ የሚችለው ከተገኘ እሱን። ከመግጠማችሁ በፊት ታችኛውን ፊትና ጠርዙን በሙሉ ቀቡት፣ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ለአጽም አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። የደረቀውን ምረጡ፣ ካጣችሁ ገዝታችሁ ጥላ ሥር ደርድሩትና ጠብቁት።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነች። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣር ያነጣል። ባዶ ላሜራ ውስጥ ያደረ ሰው ጠዋት ግድግዳው ላብ አልቦት ያገኘዋል፤ ይሄ ፍሳሽ አይደለም፣ የትንፋሽ እርጥበት ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ በላሜራውና በውስጡ ግድግዳ መሃል ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም፣ እና ሁልጊዜ ክፍት የሚሆኑ ሁለት አየር ማስገቢያዎች፣ አንዱ ታች አንዱ ላይ። ነፋስ ገባ ብሎ መድፈን ግድግዳውን ከውስጥ ማበስበስ ነው።

የመንዝ በግ ጸጉር ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ የሚል ሊኖር ይችላል። ይሆናል። ትንሽ እርጥበት ቢነካው እንኳ ሙቀት ይይዛል። ግን ቅባቱ እስኪለቅ መታጠብ፣ በደንብ መድረቅና ከብል መጠበቅ አለበት፤ ያ ሁሉ ድካም ስላለው እኔ ግድግዳውን ለፎም ትቼ ጸጉሩን በዝተት መልክ አልጋው ላይ ባደርገው እመርጣለሁ።

መብራት

ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-አወር የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት-አወር ይይዛል፣ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። 600 አላችሁ እንበል። አራት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖል አምስት ሰዓት ቢበራ 100 ነው። ስልኮችና ትንሽ ቴሌቪዥን ቢጨመሩ 200 ገደማ። ሁለት ሌሊት ያለ ችግር ያስኬዳል፣ የ100 ዋት ሶላር ደግሞ በጠራ የበጋ ቀን የተበላውን ይመልሳል። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ እርሱት፣ እንጀራ ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

ፊዩዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። የ12 ቮልቱንና የ220 ቮልቱን ገመድ በአንድ ቱቦ አታሳልፉ። 220ውን ኤሌክትሪሻን ይሥራው።

ከሰል፦ በጭራሽ

ብርድ ነው፣ ማንደጃ ትንሽ እናስገባ የሚል ሰው ይመጣል። አይሆንም። ከሰል ከቀላ በኋላ ጭስ ስለማይታይ ደህና ይመስላል፣ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። የካራቫን ክፍል ደግሞ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይሞላል። መስኮት ከፈት ማድረግ አያድንም። ቡናው ደጅ ይፈላ።

የጋዝ ሲሊንደርም ውጭ፣ የራሱ ሳጥን ውስጥ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰበሰባል፣ ስለዚህ የሳጥኑም የክፍሉም ማናፈሻ ወለሉ ጋ ይኑር። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትኑ እንጂ በክብሪት አትፈትሹ።

ቀለም

አሁን ቀለሙ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፣ ግን ጤዛው ሳይደርቅ አትጀምሩ፣ አመሻሽ ላይም አትቀቡ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በቂ ነው። ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ለብረቱ የሚስማማ የሥር ቀለም፣ ከዚያ ስስ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ጣሪያውን ከፀሐይ ያሳርፈዋል። ነፋስ ካለ ሥራውን ለሌላ ቀን፣ አቧራው ይለጠፋል።

መጎተት

ዕቃ ስትጭኑ ከባዱ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት፤ ኋላው ከከበደ ካራቫኑ ጅራቱን ማወዛወዝ ይጀምራል፣ ያ ከመጣ መመለስ ከባድ ነው። የደህንነት ሰንሰለቶቹ ከጋንቾው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ። ፍሬቻና ስቶፕ መብራት ይፈተሽ።

ተርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚጎትተው መኪና ጣርማበር ዳገት ላይ ሊለምን ይችላል። ከዳገቱ ቁልቁለቱ ይብሳል። ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ገና ከላይ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ አትያዙት፤ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቁሙና የካራቫኑን የእያንዳንዱን ጎማ መሃል፣ ኩሽኔታው ያለበትን፣ በጥንቃቄ እጃችሁን አስጠግታችሁ እዩ። ሁለቱም ሞቅ ማለታቸው ያለ ነው። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ግን ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይ ፍሬኑ ይዟል፤ ሳይስተካከል ወደ ሸዋ ሮቢት አትቀጥሉ።