መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት ሲይዝ፦ ችግሩና መፍትሄው

ዝናብ ሲጀምር የመኪናው የፊት መስታወት ከውስጥ ነጭ ይለብሳል። ሾፌሩ በእጁ ይጠርገዋል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ይሸፈናል። በክረምት በጣም የሚደጋገም ችግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ዕቃ የለም። ትንፋሽ፣ የራሰ ልብስና ጫማ የጋቢናውን አየር በእርጥበት ይሞሉታል፤ ያ አየር ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ውሃ ይሆናል።

መጀመሪያ የአየር መግቢያውን ቁልፍ እዩ። መኪና ውስጥ የምትዞር ቀስት ያለበት መብራት ከበራ ያው እርጥብ አየር እየተመላለሰ ነው። አጥፉት፣ የውጭ አየር ይግባ። ንፋሱን ወደ መስታወቱ አዙሩ፣ ሙቀቱን ጨምሩ፣ ኤሲውንም አብሩ። «በብርድ ኤሲ ለምን?» የሚል ብዙ ነው። ኤሲው አየሩን አቀዝቅዞ ውሃውን ያወጣለታል፣ ሂተሩ (ማሞቂያው) የደረቀውን መልሶ ያሞቀዋል። ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ግን የብዙ መኪኖች ኮምፕረሰር (ኤሲውን የሚያሠራው መጭመቂያ) አይነሳም፤ ያኔ ያላችሁ ሂተርና የውጭ አየር ነው።

አሁንም ከተመለሰ ምንጣፉን ገልጣችሁ ከስሩ ያለውን ስፖንጅ በጣት ተጫኑ። ላዩ ደርቆ ስፖንጁ ውሃ ያዘለ መኪና ብዙ ነው። ከዝናብ መጥረጊያው ስር ቅጠል የደፈነውን የውሃ መውረጃና የኤሲውን ማፍሰሻ ቱቦ ክፈቱ፣ ምንጣፉን አውጥታችሁ አድርቁ። ፀሐይ ላይ በር ከፍቶ ማቆም ብቻ አይበቃም። ንፋሱ ደካማ ከሆነ የጋቢና ፊልተሩን አውጡ፤ በአቧራ የጠቆረ ፊልተር እያለ የንፋስ ሞተር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

መስታወቱን በጣት ስትነኩት ቅባት ካለው እንፋሎቱ ቶሎ ይይዛል። በንጹሕ ጨርቅና በመስታወት ማጽጃ አጽዱ፣ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ጨርሱ። ዳሽቦርድ የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ መርጨቱን እባካችሁ ተዉት፤ መስታወቱ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው።

ቅባቱ ጣፋጭ ሽታ ካለውና ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየጎደለ ከሆነ የሂተሩ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። አስቀይሩት። ማፍሰስ የሚያቆም ዱቄት አትጨምሩ፣ ጠባቡን መተላለፊያ ይደፍናል። ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ኩላንት መርዝ ነው፤ ሕፃንና እንስሳ አይቅረበው።

እንፋሎቱ ከውጭ በኩል ከሆነ የኤሲው ቅዝቃዜ በዝቷል፤ ሙቀት ጨምሩ፣ መጥረጊያውን አንቀሳቅሱ።

መስታወቱ ላይ በረዶ ከጋገረ የፈላ ውሃ አታፍስሱ፣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።