ህፃናት ይዛችሁ ከውጪ መጥታችሁ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ ለምትከርሙ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ወንዱ አራት አመቱ ነው ሴቷ ደሞ አመት ከሁለት ወሯ፣ ሀገር ቤት ስንመጣ ሆቴል ምናምን አንይዝም እናቴ ቤት ነው ምናርፈው፣ ለገጣፎ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ኮረኮንቹ መንገድ ላይ። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የመጣነው፣ አራት ወር ከርመናል፣ እና እዛ ያሉ ጓደኞቼ ሁሌ "ከህፃን ጋር ከከተማ ወጥተሽ እንዴት ትቀመጫለሽ" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልፃፍላቸው ብዬ ነው። ሱሉልታም ሰበታም ቡራዩም ገላንም ዘመድ ጋ ለምታርፉ ነገሩ ያው ነው።

ከሁሉም በላይ ምለምናችሁ የመጀመሪያዋን ሳምንት ለማንም አትስጡ። ዘመድ ይደውላል፣ ምሳ ተጠርታችኋል፣ አክስት ቀጨኔ አጎት ጀሞ፣ ሁሉም ልጆቹን ማየት ይፈልጋል ደሞ መብታቸው ነው፣ ግን ህፃን ልጅ አገሩን ሳይለምድ ዘመድ ሊለምድ አይችልም። በፈረንጆች ክረምት ቨርጂኒያና አዲስ አበባ በ8 ሰዓት ነው ሚለያዩት፣ እዚህ ሀገር ቤት ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን የልጁ ሰውነት ገና ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ነው ብሎ ነው ሚያስበው፣ እና ቁጭ ብሎ እራት ይጠይቃችኋል። ሰውነት በግምት በቀን አንድ ሰዓት ነው ሚያስተካክለው ስለዚ ሳምንት ይፈጃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል በረንዳ ላይ አውጧቸው፣ የቀን እንቅልፋቸውን አሳጥሩት፣ ለሊት ሲነሱ መብራት አታብሩ ቲቪ አትክፈቱ፣ ሙዝና ዳቦ አልጋ አጠገብ ይኑር።

የወንዱ የመጀመሪያ ለሊት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳ፣ ቤቱ ፀጥ ብሏል፣ ከዛ ከወንዙ በኩል ጅብ ጮኸ። ልጄ በህይወቱ ሰምቶት ማያውቅ ድምፅ ስለሆነ ደርቆ ቀረ። እኔ ምለው ጠፋኝ፣ እናቴ ጋቢዋን ደርባ መጣችና ጭኗ ላይ አስቀምጣው "አያ ጅቦ ነው የኔ ጌታ፣ እሱ ውጪ ነው እኛ ደሞ ቤት ነን፣ በሩም ተቆልፏል" ብላ ራሷ እንደ ጅብ ጮኸችለት። በነጋታው ለሊት ጆሮውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አያ ጅቦን ሲጠብቅ አገኘሁት። የውሻውንም የቤተክርስቲያን የለሊት ማይኩንም የአዛኑንም እንደዚሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ልጅ ምን እንደሆነ ካወቀ አይፈራም።

ከመምጣታችሁ በፊት ስላለው። ቢያንስ ከአንድ ወር ተኩል በፊት ዶክተራቸው ጋ ሂዱና ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነው ምንቀመጠው ብላችሁ ንገሩት። ኩፍኝ ላይ አደራ፣ አሜሪካ በአመታቸው ነው ሚከተቡት ግን ወደ ውጪ ሚጓዝ ህፃን ከ6 ወሩ ጀምሮ ቀድሞ አንድ መውሰድ ይችላል፣ ያቺ እንደ ትርፍ ነው ምትቆጠረው፣ በኋላ ሁለቱን መደበኛ መውሰዱ አይቀርም። እዛ ያለው የታይፎይድ መርፌ ከ2 አመት በታች ስለማይሰጥ ለትንሿ ያለን መከላከያ ውሃዋንና ምግቧን መጠበቅ ብቻ ነው። ከ16 አመት በታች ያለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት 5 አመት ብቻ እንደሚያገለግልም አትርሱ፣ ትልቁ ሲወለድ ያወጣችሁት ሊያበቃ ደርሶ ይሆናል። ባል ወይ ሚስት ስራ ኖሮበት ለብቻ ምትጓዙ ከሆነ ደሞ የሌላኛውን ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ ኖተራይዝ አስደርጋችሁ ያዙ። እና የኤሌክትሪክ ነገር፣ እኛ ጋ 220 ቮልት ነው የአሜሪካው 120 ነው፣ አዳፕተር ሶኬቱን እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም፣ እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የጡጦ መቀቀያዬን በሰካሁ በደቂቃው አቃጥዬዋለሁ። ከስሩ 100-240 ሚል ካልተፃፈበት እዛው ተዉት፣ ድስት አለ።

አሁን ወደ ውሃው፣ እዚህ ላይ ረዘም ልበል ምክንያቱም ከከተማ ወጣ ሲባል ትልቁ ነገር እሱ ነው። የለገዳዲ ግድብ እዚሁ አጠገባችን ሆኖ አዲስ አበባን ያጠጣል፣ እኛ ሰፈር ግን ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ ሲመጣ ሮቶ ይሞላል ከዛ ከሮቶው ነው ምንጠቀመው። ውሃው ከመነሻው ንፁህ ቢሆን እንኳን ሮቶው ታጥቦ ማያውቅ ከሆነ ዋጋ የለውም፣ ስለዚ ከመምጣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ደውላችሁ ሮቶውን አሳጥቡ፣ ክዳኑም መግጠሙን አስዩ። ለልጆች መጠጫ ደሞ አፍሉ። ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፣ ከፍታችን ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ ሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው፣ ስለዚ ገና መንተክተክ ሲጀምር አታውርዱት፣ እየተንተከተከ 3 ደቂቃ ይቆይ። የዱቄት ወተት ምትበጠብጡ ከሆነ የፈላው ውሃ ብዙ ሳይቀዘቅዝ፣ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ በጥብጡት፣ ዱቄቱ ራሱ ውስጥ ጀርም ሊኖር ስለሚችል ሙቀቱ ነው ሚገድልላችሁ፣ ከዛ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አቀዝቅዙና ስጡ። መብራት ስለሚጠፋ ጠዋት አፍልታችሁ ሁለት ፔርሙዝ ሙሉ። ጥርስ ሲቦርሹም በዚሁ ውሃ ነው፣ ገላ ሲታጠቡ ደሞ አፋቸውን እንዲዘጉ ጨዋታ አርጋችሁ አስለምዷቸው።

ተቅማጥ ከመጣ ለምለም ሚሉት ኦአርኤስ ሰፈር ፋርማሲ አለ፣ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ነው፣ ውሃውን ቀንሳችሁ በስኒ አትበጥብጡት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። ዚንኩንም አብረው ይሰጧችኋል፣ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀኑን ጨርሱ። ጡት ምትጠባ ከሆነ ጡት አይቆምም። እያለቀሰ እንባ ከሌለው፣ አይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ከጠፋ ወይ ደም ካያችሁ ግን ቤት ውስጥ መጠበቅ የለም፣ ቶሎ ተነሱ። ለዚህ ሲባል በደረሳችሁ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ተረጋግታችሁ እስከ ህፃናት ሀኪሙ ድረስ አንዴ ሂዱና መንገዱን እዩት፣ ከለገጣፎ በአያት በሲኤምሲ ጠዋት ስራ ሰዓት ላይ መንገዱ ሌላ ነው፣ ለሊት ሌላ ነው። ጎረቤት ማን መኪና እንዳለው እወቁ፣ ስልኩን ፍሪጁ ላይ ለጥፉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ንም አብራችሁ።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ፣ እስካሁን ልቤ ይመታል። ዘመድ ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለናል፣ ልጄ ጠማኝ ብሎ ኩሽና ገባ። ተከትዬው ስገባ ከመታጠቢያው ስር የሃይላንድ ውሃ ፕላስቲክ አውጥቶ ክዳኑን በጥርሱ ሊከፍት ነው። በረኪና ነበር። ፕላስቲኩ ሰማያዊ ክዳኑ ከነወረቀቱ ሁሉ አለ፣ ማንኛውም ልጅ ውሃ ነው ሚለው። በረኪና ብዙ ቤት በዚህ መልክ ነው ሚቀመጠው፣ ከሰፈር ሱቅም ሲገዛ በውሃ ፕላስቲክ ሊሞላ ይችላል። ከዛን ቀን ጀምሮ ማንም ቤት ስገባ ሰላምታ ጨርሼ ኩሽናውን በአይኔ አያለሁ፣ "እትዬ ይቅርታ ልጁ ስለማያርፍ በረኪናውን ከፍ ላርግልዎት" እላለሁ፣ እስካሁን የተቀየመኝ ሰው የለም። ጠጣ ከተባለ አታስታውኩት፣ ወተትም ዘይትም አታጠጡት፣ ፕላስቲኩን ይዛችሁ ሩጡ። ከሰልም እንደዚሁ፣ ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፣ ህፃን በተኛበት ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል አይደር፣ ብርድ ነው ብላችሁም ቢሆን።

አያትን ከጎናችሁ አሰልፉ። እናቴ በነገርኳት ሁሉ "እናንተን በምን አሳደግናችሁ" ትል ነበር፣ ልክ ናት፣ ስለዚ መከልከል ትቼ ስራ ሰጠኋት። ከጎረቤት ሚመጣው ጥሬ ወተት አደገኛ ነው ከማለት "እማዬ ወተቱን አንቺ አፍይላት ያንቺ እጅ ይሻላል" አልኳት፣ አሁን ያልፈላ ወተት ለማንም አታሳልፍም። ገንፎና አጥሚት በሷ ነው፣ ቅመም የሌለው አልጫ በሷ ነው። ሦስት ነገር ላይ ግን ንቅንቅ አልልም፣ አመት ላልሞላው ህፃን ማር አይቀመስም፣ ለጨቅላ ቅቤ ማስዋጥ የለም፣ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ደሞ በፍፁም፣ ማንም ይምከር ማን። ለጉርሻ ደሞ እጅ መታጠቢያውን ከመብሉ በፊት ራሳችሁ ይዛችሁ ዙሩ፣ ሁሉም ሰው ይታጠባል፣ ማንም አያፍርም።

ውሻ ሰፈር ውስጥ ብዙ ነው። ልጆች ውሻ አይነኩም፣ አለቀ። ከነከሰ ወይ በጥፍሩ ከጫረ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና የዛኑ ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ውሰዱት፣ ውሻው የጎረቤት ነው ደህና ነው ቢሏችሁም። ቁንጫም አለ፣ ፍራሽና ምንጣፍ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ይውጣ። ፀሐዩ ደሞ አያታላችሁ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል ግን ከፍታ ላይ ስለሆንን ቆዳ ያቃጥላል፣ ኮፍያና ሰንስክሪን ያስፈልጋል፣ በህዳርና በታህሳስ ማታ ደሞ ወፍራም ፒጃማ። የመኪና ወንበራቸውን ይዛችሁ ኑ፣ የራይድ መኪኖች ላይ አታገኙም፣ ቀበቶ መኖሩንም ስትደውሉ ጠይቁ። ባጃጅ ላይ ከህፃን ጋር እኔ አልወጣም።

መውጣት ስትጀምሩ በቅርብ ጀምሩ። እንጦጦ ፓርክ ለልጅ ገነት ነው ግን ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አይሁን፣ ጃኬትም ያዙ። ቢሾፍቱ በፈጣን መንገዱ ቶሎ ይደረሳል፣ ጠዋት ወጥታችሁ ለቀን እንቅልፋቸው ትመለሳላችሁ። በሱሉልታ በኩል ደብረ ሊባኖስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ሲያይ ልጄ ቀኑን ሙሉ ሌላ አላወራም። እኛ ሰፈር ከፍታው ስላለ ወባ አይደለም ሀሳባችን፣ አዳማ ሀዋሳ አርባ ምንጭ ምትወርዱ ከሆነ ግን የወባ መድሃኒቱን ከመምጣታችሁ በፊት ከዶክተሩ ተነጋገሩ፣ አጎበርም ያዙ።

ስትመለሱ ደሞ ጆሮ ላይ ተጠንቀቁ። ስትመጡ ምናልባት ልጆቹ ሲያርፍ ብዙ አላለቀሱም ይሆናል፣ ምክንያቱም ቦሌ ራሱ 2334 ሜትር ላይ ነው፣ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ደሞ ከዛ ብዙ ማይርቅ ነው። እዛ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት ሲያርፍ ግን ከከፍታ ወደ ባህር ወለል ጠጋ ስለምትሉ ግፊቱ ጆሯቸውን ያማል፣ መውረድ የተጀመረ ጊዜ፣ ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት፣ ትንሿን ጡት ወይ ጡጦ ስጧት፣ ትልቁን ቀስቅሱትና በስትሮ ውሃ ይጠጣ፣ ተኝቶ እንዲወርድ አትተዉት።