ውሻዎ ከማቆያ ተመልሶ ሲታመም፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መፍትሄው

ውሻዎን በአደራ ካሳደሩበት የውሻ ማቆያ የተረከቡበትን ቀን ጽፈው ይያዙ። በሽታውን ለመለየት ምልክቱን ያህል የሚረዳው ምልክቱ የታየበት ቀን ነው። በማግስቱ የጀመረ ተቅማጥና በሁለተኛው ሳምንት የጀመረ ተቅማጥ መነሻቸው ይለያያል።

በሽታ ያልሆነውን አስቀድመን እናውጣ። በተመለሰ ዕለት ቀኑን ሙሉ ቢተኛ፣ ሲጮህ ከርሞ ድምፁ ቢሰልል፣ የመዳፉ ቆዳ በሲሚንቶ ወለል ቢላላጥ አያስደነግጥም። ውሃ ግን ሞልተው አያስቀምጡለት፤ ተስገብግቦ ይጠጣና ያስመልሰዋል። በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይስጡት።

ደረቅ ሳል፣ መጨረሻው ላይ ነጭ አረፋ

ብዙ ሰው «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ ጉሮሮው ውስጥ ጣቱን የሚከተው እዚህ ላይ ነው። አጥንት ያነቀው ውሻ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ አፉን በእግሩ ይቧጥጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ይሄኛው ግን ይበላል፣ ይጫወታል፤ ሳሉ የሚነሳበት ሲሮጥ ወይም አንገቱ በገመድ ሲሳብ ነው። መነሻው በአብዛኛው ቦርዴቴላ የተባለው ባክቴሪያ ወይም ፓራኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው፤ ሁለቱ አብረው የሚመጡበትም ጊዜ አለ። ከተጋለጠ በ2 እና በ14 ቀን መካከል ይወጣል።

የአንገት ማሰሪያውን ፈትተው በደረት የሚታሰረውን ያድርጉለት። ለ2 ሳምንት ሩጫ ይቅርበት፣ ከሌላ ውሻም አይገናኝ። ሻወር ቤቱን ዘግተው ሙቅ ውሃ ይክፈቱና ጠዋትና ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንፋሎቱ ውስጥ አብረውት ይቀመጡ። ቀላሉ ሳል ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይለቀዋል። የሰው የሳል ሽሮፕ አይስጡት፤ አንዳንዱ ፓራሲታሞል ወይም ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ አለበት፣ ሁለቱም ለውሻ መርዝ ናቸው።

ሳሉ ወደ ሳንባ መውረዱን ለማወቅ፣ ተኝቶ ሳለ ደረቱ በ1 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ይቁጠሩ። ደጋግመው ቆጥረው ከ30 ካለፈ፣ ወይም በፊንጢጣ የተለካ ሙቀቱ ከ39.5 ዲግሪ ከበለጠ (የጤነኛ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ነው) ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ክትባቱን ያልጨረሰ ውሻ ከሳሉ ጋር ወፍራም የዓይን ኩስ ከታየበት ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው አደገኛ የቫይረስ በሽታ ስለሚጠረጠር አንድ ቀንም አይጠብቁ።

ተቅማጥ

በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ትንሽ ትንሽ እየሆነ ቶሎ ቶሎ የሚወጣ፣ ንፍጥ ያለው፣ አልፎ አልፎም ቀይ የደም ጭረት የሚታይበት ከሆነ መነሻው ጭንቀትና የምግብ ለውጥ ነው። ቆዳና አጥንት የሌለው ቅቅል ዶሮ 1 እጅ፣ ነጭ ሩዝ 2 እጅ አድርገው ያለ ጨውና ያለ ዘይት በቀን 4 ጊዜ ይስጡት። በ3 ቀን ከተስተካከለ ወደ ለመደው ምግብ በሳምንት ውስጥ እየቀላቀሉ ይመልሱት።

በሁለተኛው ሳምንት የመጣ፣ ቅባት ቅባት የሚል፣ በጣም የሚሸት፣ ቆም ብሎ የሚመለስ ተቅማጥ ጃርዲያ የተባለ የአንጀት ተውሳክ ሊሆን ይችላል። ተውሳኩ በየቀኑ ስለማይወጣ የአንድ ቀን የሰገራ ምርመራ ሊያመልጠው ይችላል፤ አንድ አንድ ቀን እየዘለሉ 3 ናሙና ይውሰዱ። የተለመደው መድኃኒት ፌንቤንዳዞል ነው፦ ለ1 ኪሎ የውሻው ክብደት 50 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። በመጨረሻው ቀን ከኋላው በሳሙና ይጠቡት፤ ፀጉሩ ላይ የቀረውን ልሶ እንደገና ይያዛል። ከጓዳ የተገኘ ፍላጂል በግምት መስጠት የተለመደ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ውሻውን ያንገዳግደዋል።

ያልተከተበ ቡችላ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ቢያስመልሰውና የሚከረፋ ደም ያለበት ተቅማጥ ቢይዘው ፓርቮ የተባለው ገዳይ ቫይረስ ነው ብለው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሚያተርፈው በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስና የሐኪም ክትትል ነው። ቤቱን ሲያጸዱ ቆሻሻውን አስቀድመው ይጥረጉ፣ በረኪና በቆሻሻ ላይ አይሠራም። ከዚያ 1 ስኒ በረኪና በ30 ስኒ ውሃ በጥብጠው ወለሉን 10 ደቂቃ ያርጥቡት።

ድዱ የነጣ፣ ሽንቱ የጠቆረ

ጤነኛ ድድ በጣት ተጭነው ሲለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ ይመለሳል። ድዱ ነጥቶ ሽንቱ የቡና ቀለም ከያዘ ቀይ የደም ሕዋሳቱ እየፈረሱ ነው ማለት ነው፤ ጥፋተኛውን ቀኑ ይጠቁማል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ ማቆያው ትርፍራፊ ወጥ ይሰጥ እንደነበር ይጠይቁ። ዶሮ ወጥ ከሽንኩርት ነው የሚሠራው፤ የጾም ሽሮም ያለ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቢበስልም መርዝነቱ አይጠፋም፣ ጉዳቱም የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ከሆነ መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤዥያ የተባለ የደም ተውሳክ ይጠረጠራል፤ በደም ምርመራ ይለያል። ጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መካከልና ከጅራቱ ሥር ይፈልጉ። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው በቀጥታ ይሳቡ፤ በጋዝ መቀባትም በክብሪት መለብለብም የለም። ያም ሆነ ይህ በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው።

ለሚቀጥለው ጊዜ በአፍንጫ የሚሰጠውን የቦርዴቴላ ክትባት ከመግባቱ ቢያንስ ከ1 ሳምንት በፊት ያስከትቡት። ምግቡን የየቀኑን በየፌስታሉ ለይተው ይላኩ፤ «ወጥ አይሰጠው» የሚለውንም ለማቆያው ባለቤት ብቻ ሳይሆን ማታ ለሚያድረው ዘበኛ ይንገሩ።