ተንግስተን ወይስ ዎልፍራም? በአንድ ብረት ሁለት ስሞች የሚሠሩ ስህተቶች

የአቶም ቁጥሩ 74 የሆነው ብረት ስሙ እንደየቋንቋው ለሁለት ተከፍሏል። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛና ጃፓንኛ ተንግስተንን በየድምፃቸው ይጠሩታል፤ ጀርመንኛ፣ ሩስኛ፣ ፖላንድኛና ግሪክኛ ደግሞ ዎልፍራምን ይዘዋል። ከሁለት ቋንቋ እያመሳከረ የሚጽፍ ተማሪም ሆነ ተርጓሚ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሁለቱን የተለያዩ ብረቶች አድርጎ መቁጠር ነው። ግማሹን ከእንግሊዝኛ፣ ግማሹን ከሩስኛ የተረጎመ ሰው «ተንግስተንና ዎልፍራም» ብሎ ጎን ለጎን ሲደረድራቸው አንባቢው ምን ያድርግ? ጥርጣሬ ከገባችሁ ስሙን ትታችሁ የአቶም ቁጥሩን እዩ። የመቅለጫው ሙቀትም ይመሰክራል፤ 3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከብረቶች ሁሉ ይበልጣል።

ምልክቱን ከስሙ ጋር ለማስማማት መሞከርም አለ። ተንግስተን በ«ቲ» ስለሚጀምር ምልክቱም «ቲ» ያለበት ይመስላል። አይደለም። ዎልፍራም ከሚለው የተወሰደው «ደብልዩ» በሁሉም ቋንቋ አይለወጥም፤ ተንግስተን የሚሉትም ይጽፉታል።

ሦስተኛው ስህተት ያሳዝነኛል፤ ጥሩ ታሪክ ያስቀራልና። ተንግስተን ከስዊድንኛ የመጣ ቃል ነው፤ «ቱንግ» ከባድ፣ «ስቴን» ድንጋይ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ስዊድናውያን ብረቱን በዚህ ስም የሚጠሩት ይመስላቸዋል። እነሱ ግን ቮልፍራም ነው የሚሉት! በስዊድን «ቱንግስቴን» የማዕድኑ ስም ነበር። ኬሚስቱ ካርል ቪልሄልም ሼለ እ.ኤ.አ. በ1781 ከዚያ ማዕድን አዲስ አሲድ አወጣ፤ ማዕድኑ በኋላ በእሱ ስም ሼላይት ተባለ። በ1783 ደግሞ ሁዋን ሆሴና ፋውስቶ ኤልሁያር የተባሉ ወንድማማቾች በስፔኗ ቤርጋራ ዎልፍራማይት ከተባለ ሌላ ማዕድን ተነሥተው፣ በከሰል አማካይነት ብረቱን ራሱን ለዩት፤ ስሙንም ቮልፍራም አሉት። አንዱ ስም ከአንዱ ማዕድን፣ ሌላው ከሌላው ወጣ ማለት ነው።

ዎልፍራም የጀርመኖች የወንድ ስም ስለሆነ ብረቱ በሰው የተሰየመ የሚመስላቸውም አሉ። ቃሉ ግን ከ«ቮልፍ»፣ ከተኩላ፣ እና ከ«ራም»፣ ከወተት ስልባቦት፣ የተገጣጠመ ነው ይባላል። ማዕድኑ ከቆርቆሮ ጋር ተደባልቆ ሲቀልጥ የሚገኘውን ቆርቆሮ ይቀንሰው ስለነበር፣ ተኩላ በግ እንደሚበላ ቆርቆሮውን ይበላዋል ብለው ነው ይባላል። ይህን ማወቅ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በጽሑፍ ውስጥ ብረቱን «ከባድ ድንጋይ» ወይም «የተኩላ ስልባቦት» ብሎ መተርጎም አያስፈልግም። ስም ነው፤ እንዳለ ይጻፍ።

ቋንቋዎች ስለተዛመዱ ስሙም አንድ ይሆናል ብላችሁ አትገምቱ። ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ወደ ተንግስተን ሲሄዱ እህታቸው ስፔንኛ በስፔን ዎልፍራሚዮን መርጣለች፤ ፖርቱጋልኛ ሁለቱንም ታውቃለች። ጃፓንኛ «ታንጉሱተን» ሲል ቻይንኛ «ዉ» ይላል፤ ይህም የዎልፍራም መነሻ ድምፅ ነው። እየፈተሹ መጻፍ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ዎልፍራም ብሎ የጻፈን ሰው ማረምም ስህተት ነው። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የስያሜ መመሪያ ተንግስተንን ብቻ አስቀረ፤ የስፔን ኬሚስቶችም አጥብቀው ተቃወሙ። መመሪያው ለእንግሊዝኛ ስያሜ ስለሆነ ጀርመኑም ሩሲያዊውም በስማቸው ቀጥለዋል። እኔ የምመክረው አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መዝለቅ፣ ሌላውን ደግሞ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ መጥቀስ ነው።

በመጨረሻ፣ «ካርባይድ» የሚለውን ቃል አትጣሉ። ለመሰርሰሪያ ጫፍና ለቀለበት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከካርቦን ጋር የተዋሐደው ተንግስተን ካርባይድ ነው፤ በድሮ አምፖል ውስጥ የሚያበራው ቀጭን ሽቦ ግን ብረቱ ራሱ ነበር።